የተቀመጠው የፕሮክሲ ቅንብር ለምን ይጠፋል?

ኮምፒዩተር የትምህርት መሣሪያ ከሆነ ወዲህ መምህራንን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ፣ አንድ ጊዜ ተሞልቶ የተቀመጠ የኔትወርክ ቅንብር ሳይታሰብ ጠፍቶ መገኘቱ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የፕሮክሲ ቅንብር የሚጠፋበትን ምክንያትና የመከላከያውን ዘዴ ማስረዳት ነው።

ፕሮክሲ ማለት ተኪ ማለት ነው። በአንድ ተቋም ያሉ ኮምፒዩተሮች በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ከመውጣት ይልቅ ጥያቄያቸውን ለአንድ አገልጋይ ያቀርባሉ፤ እርሱም በእነርሱ ስም ጠይቆ መልሱን ያመጣላቸዋል። ኮምፒዩተሩ ይህን አገልጋይ የሚያገኘው አድራሻውና የፖርቱ ቁጥር፣ ለምሳሌ 3128 ወይም 8080፣ በትክክል ሲሞላለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተሳሳተ መስመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ገጽ አይከፈትም።

ለምሳሌ ያህል፣ በጋምቤላ ከተማ ፕሮክሲ በሚጠቀም ተቋም የክረምት ሥልጠና ተከታትሎ፣ የማጃንግ ዞን ማዕከል ወደ ሆነችው ወደ መቲ የሚመለስ መምህር እንውሰድ። መቲ ሲደርስ የሚጠቀመው በሞባይል ኢንተርኔት ስለሆነ ፕሮክሲ አያስፈልገውም። እንግዲህ ለአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ቅንብር ያሻል ማለት ነው።

ግኖም የተባለው የሊኑክስ የዴስክቶፕ ሥርዓት በሁለተኛው ትውልዱ ማብቂያ ላይ ይህን ፍላጎት ያሟላ ነበር፤ ተጠቃሚው ለየሥፍራው ስም ሰጥቶ የየራሱን የፕሮክሲ ቅንብር ለማስቀመጥ ይችል ነበርና። በ2003 ዓ.ም. ሦስተኛው ትውልድ ሲወጣ ግን የማስተካከያ መሣሪያው እንደ አዲስ ተሠራ፤ የቅንብሩ ማከማቻም ተለወጠ። የሥፍራዎቹም ዝርዝር አብሮ አልተሸጋገረም። ከዚያ በኋላ የሚያዘው አንድ ቅንብር ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ አድራሻ ሲጻፍ የቀድሞው ይደመሰሳል።

ይሁን እንጂ ጠፋ የሚባለው ሁሉ የጠፋ አይደለም። በዚሁ ሥርዓት ፕሮክሲው ይሠራ ወይም አይሥራ የሚለው ምርጫ የሚቀመጠው ከአድራሻው ተለይቶ ነው። ስለዚህ ፕሮክሲውን መዝጋት አድራሻውን አይሰርዘውም፤ መልሶ «በእጅ የሚሞላ» የሚለውን መምረጥ ብቻ ይበቃል። ፋየርፎክስም የራሱ የፕሮክሲ ማስተካከያ ስላለው፣ ጉድለቱ ከአሳሹ ይሁን ከሥርዓቱ አስቀድሞ መለየት ይገባል። ከዚህም ሌላ ቅንብሩ የሚቀመጠው በየተጠቃሚው ስም በመሆኑ፣ አዲስ የመግቢያ ስም የተከፈተለት ሰው የሌላውን ቅንብር አያገኝም።

በመሆኑም የሚከተሉት እርምጃዎች ይጠቅማሉ፦

1. ፕሮክሲ በማያስፈልግበት ሥፍራ መዝጋት እንጂ አድራሻውን አለማጥፋት፤
2. አድራሻውን፣ የፖርቱን ቁጥርና የተሞላበትን ቀን በትምህርት ቤቱ የንብረት መዝገብ ላይ መጻፍ፤ የይለፍ ቃል ግን ለሁሉም በሚታይ መዝገብ ላይ አለማስፈር፤
3. ሥርዓቱን ከማሻሻል ወይም እንደገና ከመጫን በፊት ቅንብሩን ወደ ወረቀት መገልበጥ።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀት በተጨማሪ በኮምፒዩተርም መሰጠት ጀምሯል። ኮምፒዩተር እዚህ ደረጃ ከደረሰ፣ ቅንብርን መዝግቦ መያዝ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይሆንም። የሥልጠና ዕቅድ አውጪዎች መምህሩን ኮምፒዩተር መክፈትና መዝጋት ብቻ አስተምረው ቢያሰናብቱት፣ ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት ሥፍራ አንድ የጠፋ ቁጥር ትምህርቱን ለሳምንታት ሊያስተጓጉልበት ይችላል። በአንድ ሥፍራ ብቻ የተቀመጠ ነገር ተቀምጧል ለማለት አያስደፍርም፤ ይህም ከሥልጠናው የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ ሊሆን ይገባዋል።