ሰው በስንት ይሸጣል?

በ4ኛው መቶ ዘመን በሮም ግዛት ባሪያ መሸጥና መግዛት እንደ ማንኛውም ንግድ ሕጋዊ ነበር። አረማዊውም ክርስቲያኑም ባሪያ ነበረው። ጌቶች እንዲራሩ የሚመክር ሰባኪ አልጠፋም፤ ባለቤትነቱን ራሱን የሚሞግት ግን እምብዛም አልነበረም።

በዛሬዋ ቱርክ፣ በቀጰዶቅያ፣ የታላቁ ባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሞገተ። መጽሐፈ መክብብን ሲተረጉም፣ ባለታሪኩ ወንድና ሴት ባሮችን መግዛቱን ከሚናገርበት ምዕራፍ 2 ሲደርስ በቁጣ ጠየቀ፦ የሰው ዋጋ ስንት ነው? ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ፣ በባሕርዩ ነጻ የሆነ ፍጡር ነው፤ ምድርንም እንዲገዛ ተሹሟል። ታዲያ ምድር ሁሉ የተሰጠችውን ሰው ለመግዛት ገዢው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ውሉ ቢጻፍ፣ ገንዘቡም ቢቆጠር፣ ለሽያጭ የማይሆን ነገር ሸቀጥ አይሆንም። እግዚአብሔር እንኳ የሰጠውን ነጻነት መልሶ አይነጥቅም። ጌታውና ባሪያው አንድ አየር ይተነፍሳሉ፤ ሁለቱም ሞተው አፈር ይሆናሉ።

ነገሮች ከሥር ከመሠረታቸው ምን እንደሆኑ የሚመረምረው የፍልስፍና ዘርፍ ሜታፊዚክስ ይባላል። ጎርጎርዮስ ባሪያ መያዝን በጠቅላላ የሚከለክል ቀጥተኛ ትእዛዝ በእጁ አልነበረውም። ፍርዱን ያወጣው ሰው ምን ዓይነት ፍጡር ነው ከሚለው የሜታፊዚክስ ጥያቄ ነው። በቤተሰቡም ይህ በኑሮ ታይቷል፤ እህቱ ማክሪና እናታቸውን አሳምና ከገረዶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ፣ በእኩልነት እንዲኖሩ አድርጋለች።

መነሻው ሲለወጥ ፍርዱም ይለወጣል። አርስቶትል አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1550 እና 1551 በስፔኗ ቫያዶሊድ በተካሄደው ክርክር ምሁሩ ሴፑልቬዳ ይህንኑ የአርስቶትል ሐሳብ ይዞ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች በጦር ማስገበር ተገቢ ነው አለ፤ መነኩሴው ላስ ካሳስ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው አስተዋይ መሆናቸውን አስረዳ። ሁለቱም ክርስቲያኖች ነበሩ።

የሚያሳዝነው ግን ትክክለኛ መነሻ ይዞም በመንገድ መቅረት መኖሩ ነው። አውግስጢኖስ እግዚአብሔር ሰውን የሰው ባሪያ አድርጎ እንዳልፈጠረ፣ ባርነት የኃጢአት ውጤት እንደሆነ ጽፏል፤ ቢሆንም ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ መከረ። የእኛው ፍትሐ ነገሥትም ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ መሆኑን ይመሰክርና፣ ጦርነት አንዱን ለሌላው አገልጋይ እንደሚያደርገው ይቀበላል። በሁለቱም ዘንድ አንድ ክስተት፣ ኃጢአት ወይም ጦርነት፣ በሰው ባሕርይና በሕጉ መካከል ይገባል። ጎርጎርዮስ ይህን ክፍተት አልተወም፤ ሰው ቢማረክም ቢሸጥም ያው የእግዚአብሔር አርአያ ነውና። ፍትሐ ነገሥትን ለዘመናት ስታከብር በኖረችው ኢትዮጵያ ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው።