በሲሪንቃ አካባቢ ሕፃናት ስለ ከብት የሚማሩበት ሁኔታ

ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ከሩቅ ያለ ሰው ስሙን የሚያውቀው በግብርና ምርምር ማዕከሉ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በየገበሬው ደጅ የሚሰጠውን፣ ጥቁር ሰሌዳ የሌለውን ትምህርት ነው።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከጥጃ ነው። ልጁ ገና አምስት ዓመት ሲሆነው ጥጃ እንዲጠብቅ ይታዘዛል። ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ብዙ ነገር ያዘለ ነው። ላሚቱ ጥጃዋ ጥቂት ካልጠባት ወተቷን አታወርድም፤ ጥጃው ከእናቱ ጋር ከዋለ ደግሞ ማታ የሚታለብ አይኖርም። እንግዲህ ልጁ መቼ እንደሚለቅና መቼ እንደሚይዝ ማወቅ አለበት፤ ቢሳሳት ባዶው ማለቢያ ይነግረዋል። ላሚቱ በወለደች ሰሞን እንገሩን ስለሚቀምስ፣ ከወተት በምን እንደሚለይ የሚያስረዳው ሰው አያሻውም። ከጥጃ በኋላ ወደ ፍየልና በግ፣ ቆይቶም ወደ ከብት ያልፋል። ሴቶች ልጆችም ያግዳሉ፤ ዶሮውና የእንቁላሉ ጉዳይ ግን ይበልጡን የእነርሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የስሙ ሥርዓት ነው። አዲስ የተወለደው እንቦሳ፣ ከዚያም ጥጃ ይባላል። ሴቷ ስታድግ ጊደር፣ ስትወልድ ላም ትሆናለች፤ ወንዱ ወይፈን ይሆንና ለዘር የቀረው ኮርማ፣ ለቀንበር የተገራው በሬ ይባላል። በበግ ጠቦት፣ በፍየል ሙክት፣ በዶሮ ቄብ አለ። በዚህ ላይ የመልኩ ስም ይጨመራል፤ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ቦቃ እየተባለ። «ቦቃዋ ጊደር ጠፋች» የሚል ሕፃን ዕድሜዋን፣ ፆታዋን፣ ያልወለደች መሆኗንና መልኳን በሦስት ቃል ተናግሯል። ይህ እኛ ተማሪዎች በሥነ ፍጥረት ትምህርት «ምደባ» ከምንለው በምን ያንሳል?

ዛሬ ሕፃናቱ ከአንደኛ ክፍል በፊት ኦ ክፍል ወደሚባለው ይገባሉ። የላም ሥዕል ሰቅሎ «ላም ወተት ትሰጣለች» ማለት ለአዲስ አበባ ልጅ ይጠቅመው ይሆናል፤ የሲሪንቃውን ልጅ ግን ከሚያውቀው ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ይህን ስንል እረኝነትን በጅምላ ማመስገናችን አይደለም። ከብት ሲያግድ ውሎ ፊደል ሳይቆጥር የቀረው ልጅ ብዙ ነው።

ሆኖም ይህ ዕውቀት ከከብቱ ጋር የታሰረ ስለ ሆነ ከብቱ ሲያልቅ አብሮ ይሄዳል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎ ከሰዉ ጋር ከብቱንም አጥቷል፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሀብሩ በደረሰ ጊዜም ከብታቸውን ያጡ ቤተ ሰቦች ነበሩ። በረቱ ባዶ የሆነበት ቤት ልጅ ጊደርንና ወይፈንን የሚያውቀው በወሬ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ይመስለናል። መምህሩ «ይህች ምንድን ናት?» ከማለት ይልቅ «ጊደር ናት ወይስ ላም? በምን ዐወቅህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከብት ያለው ልጅ ለሌለው ያስረዳል። ለዚህ ሥዕል እንኳ አያስፈልግም፤ ጊደሯን ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ካለው ጎረቤት ለግማሽ ሰዓት መዋስ ይቻላል።