በድንች ማሳ ላይ የፀረ አረም ኬሚካልና የሰብል አነቃቂ አጠቃቀም

አረም ድንችን አብዝቶ የሚጎዳው ቡቃያው ከአፈር ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ቅጠሉ መስመሩን እስኪሸፍን ባሉት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ገደማ ነው። በመኸር ወቅት ይህ ጊዜ ዝናቡ ከሚበረታበትና የቤተሰቡ ጉልበት በሌሎች ሰብሎች ከሚያዝበት ወቅት ጋር ስለሚገጥም፣ ብዙ አርሶ አደሮች ፀረ አረም ኬሚካል ለመጠቀም ይገደዳሉ።

ለድንች ከሚውሉ ኬሚካሎች አንዱ ሜትሪቡዚን ነው። ተመራጩ የመርጫ ጊዜ ድንቹ ከተተከለ በኋላ፣ ቡቃያው ከመውጣቱ በፊት ነው። ኬሚካሉ የሚሠራው በእርጥብ አፈር በመሆኑ በደረቅ ማሳ ላይ ቢረጭ አረሙን ሳይነካ ሊቀር ይችላል። በአሸዋማ አፈር ላይ ግን ብርቱ ዝናብ ኬሚካሉን ወደ ሥር አውርዶ ድንቹን ራሱን ሊጎዳው ስለሚችል፣ በመለያ ጽሑፉ ላይ ለየአፈሩ ዓይነት የተወሰነው መጠን መከበር አለበት። ቡቃያው ከወጣ በኋላ መርጨት የግድ ከሆነ፣ ለተከታታይ ቀናት ደመናና ብርድ በሰነበተበት ሰሞን መርጨት አይገባም፤ ቅጠሉ በእንዲህ ያለ ጊዜ በቀላሉ ይቃጠላል። በክረምት ይህን መጠበቅ አዳጋች በመሆኑ የመጀመሪያውን ጊዜ አለማሳለፍ ይበጃል።

አውጥ ከድንች ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ስለሆነ ሜትሪቡዚንን በአብዛኛው ይቋቋማል። ስለዚህ በኩትኳቶና አፈር በማስታቀፍ ጊዜ በእጅ መነቀል ይኖርበታል። ሰርዶ የወረረው ማሳ ደግሞ ከተከላ በፊት መጽዳት አለበት።

ለስንዴና ለጤፍ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ ድንችን ይጎዳል። ያው መርጫ በአንድ ጊዜ ማለቅለቅ ብቻ ለድንች ሲውል የቀረው ጠብታ ቅጠሉን ሊያጠማዝዘው ስለሚችል፣ ከተቻለ ለድንች የተለየ መርጫ ቢኖር መልካም ነው።

የሰብል አነቃቂዎች፣ ማለትም ከባሕር አረም፣ ከሂዩሚክ አሲድ ወይም ከአሚኖ አሲድ የሚዘጋጁ ምርቶች፣ አረም አይገድሉም፤ ማዳበሪያንም አይተኩም። የሚጠበቅባቸው ሰብሉ በኬሚካል፣ በውርጭ ወይም በድርቅ ሲጨነቅ ቶሎ እንዲያገግም ማገዝ ነው። ውጤታቸው እንደ አፈሩ፣ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ ይለያያል። ሻጩ የሚናገረውን ሁሉ ከመቀበል፣ በጥቂት መስመሮች ሞክሮ ካልተረጨው ጋር ማነጻጸር ወጪን ያድናል። ባለሙያ ሳይጠየቅ ከፀረ አረም ጋር በአንድ ጋን መቀላቀልም አይገባም።

በሕግ መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥም ሆነ መጠቀም የተከለከለ ሲሆን፣ ፀረ አረምም በዚሁ ሥር ይካተታል። ገዢው ምርቱ መመዝገቡን፣ ማሸጊያው አለመከፈቱንና የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን አይቶ ደረሰኝ ይቀበል። ጥርጣሬ ካለው ከመርጨቱ አስቀድሞ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ማሳየት ይችላል። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተጨምሮ፣ ዕቃው ተበስቶ ይወገዳል እንጂ ለውኃም ሆነ ለወተት መያዣ አይሆንም።