ያለ ደላላ ቤት መሸጥ፦ ከካርታ እስከ ቁልፍ

ኮልፌ አጠና ተራ ወይም ቤቴል አካባቢ በሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» ብሎ የለጠፈ ሰው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደውልለት ደላላ ነው። በልማድ የሚጠየቀው ኮሚሽን 2 በመቶ ያህል ነው። ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ 200 ሺህ ብር ይሆናል። ደላላ ያገናኛል፤ ዋስ ግን አይሆንም። የገዢን ልብ የሚያሳርፈው ሰነድ ነው። ሰነዱን አስቀድሞ ያሟላ ባለቤት ቤቱን ራሱ መሸጥ ይችላል።

መጀመሪያ ሰነድ

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጡት ቤቱን ነው። ካርታውን ይዘው ግቢዎን በሜትር ይለኩ። ካርታው 175 ካሬ እያለ አጥሩ 190 ካሬ ከያዘ፣ ትርፉ 15 ካሬ በኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል። ዋጋ ሲነጋገሩ ካርታው ላይ ያለውን ስፋት ይናገሩ። ከዚያ ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ቤቱ ዕዳም ዕግድም እንደሌለበት ያጣሩ፤ የግብር ደረሰኞችዎንም ይሰብስቡ።

ቀጥሎ ፈራሚዎቹን ይቁጠሩ። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ካርታው በአንዳቸው ስም መሆኑ ብቻ ይህን አያስቀረውም። ያላገቡ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያውጡ። ቤቱ የእናት የአባት ውርስ ከሆነ ወራሾች በሙሉ ይፈርማሉ። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት በውክልና ይፈርማል፤ ውክልናው ግን ቤት የመሸጥ ሥልጣን እንደሚሰጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። «ጉዳዮቼን ሁሉ እንዲፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። እንደ ሚኪሊላንድ ባሉ ሳይቶች በዕጣ የደረሰዎት ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የ5 ዓመቱን የሽያጭ ክልከላና የባንክ ዕዳውን አስቀድመው ይዩ።

ዋጋና ገዢ

በሰፈሩ በቅርቡ የሸጡ ጎረቤቶችን በምን ያህል እንደተስማሙ ይጠይቁ። መኪና ግቢ ድረስ መግባቱ፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪ መኖሩ ዋጋውን ይለውጠዋል። ወሬው በእድርና በሥራ ባልደረቦች በኩል ይዳረስ፤ የቤቱን ፎቶ በቴሌግራም ይልቀቁ። የካርታውን ፎቶ ግን አይልቀቁ፤ ከልቡ የሚፈልግ ገዢ መጥቶ በዓይኑ ይመልከተው። ቤቱን ሲያሳዩም ብቻዎን አይሁኑ።

ቀብድ፣ ውል፣ ክፍያ

ቀብድ ለመቀበል አይቸኩሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ካፈረሰ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ እጥፉን ይመልሳል። 100 ሺህ ተቀብለው ነገ የተሻለ ገዢ ቢመጣ 200 ሺህ መክፈል ሊኖርብዎ ነው።

የቤት ሽያጭ በቃል አይጸናም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1723 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» የሚለው ቢሮ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ክፍያውን በባንክ ሲፒኦ ይቀበሉ፤ ከመፈረምዎ በፊትም ሲፒኦውን የሰጠውን ባንክ ይጠይቁ። ቁልፍ የሚሰጠው ገንዘቡ ሒሳብዎ ከገባ በኋላ ነው።

ስም ሲዛወር የ4 በመቶ አሹራና የ2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። በልማድ የሚከፍለው ገዢ ነው፤ ቢሆንም ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። «ግብር እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» የሚል ገዢ ካጋጠመዎ እሺ አይበሉ። ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ ገዢው ቀሪውን ገንዘብ ቢክድ ፍርድ ቤት ፊት ይዘው የሚቀርቡት ያንኑ ዝቅተኛ ዋጋ የተጻፈበትን ውል ነው።

ጊዜ ከሌለዎት ደላላ ማሠራት ነውር አይደለም። ግን ደላላ ኖረም አልኖረም፣ ውሉ ላይ የሚፈርሙትም ነገ የሚጠየቁበትም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት ካርታውን ያውጡ፤ ሜትሩንም ይዘርጉ።