ሐሰት የማይሆንለት ተራኪ

እንግሊዛዊው ደራሲ ማርክ ሐደን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ያሳተመውን ልብ ወለድ ያነበብሁት ዘግይቼ ነው። ተራኪው ክሪስቶፈር የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ሲሆን፥ የጎረቤቱን ውሻ ማን እንደ ገደለው ይመረምራል። ምዕራፎቹን እንደ ሌላው ሰው በተራ አይቈጥርም፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ ለሌላ ቍጥር በማይካፈሉት ብቻ ይሰይማቸዋል። ሰው ሲነካው ይጨነቃል፤ ሐሰት መናገር አይሆንልኝም ይላል፤ የገዛ አባቱ ግን ዋሽቶታል። ኦቲዝም የሚለው ቃል በትረካው ውስጥ አይገኝም፤ አንባቢው ልጁን በስም ሳይሆን በጠባዩ ያውቀዋል።

መጽሐፉ ከዓመታት በፊት በአትላስ ሰፈር ያስተማርሁትን አንድ ተማሪ አሳሰበኝ። ደወል ሲደወል ጆሮዎቹን በእጆቹ ይደፍን ነበር፤ ሳናግረው ደግሞ ዐይኑን ከመሬት አያነሣም። በአገራችን በታላቅ ፊት ዐይኑን ዝቅ የሚያደርግ ልጅ ጨዋ ይባላልና ስለዚህ አመሰገንሁት፤ ስለ ጆሮው ግን በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት። ሁለቱንም ሳላስተውል!

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸው ነገር አስጨንቋቸው የጆይ ኦቲዝም ማእከልን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ልጅ እንደ እርግማን ቈጥሮ በጓዳ የሚሰውር ቤተ ሰብ ብዙ ነበር። እርሳቸው በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

በርግጥ ሐደን የነገሩ ሊቅ እንዳልሆነ ራሱ ተናግሯል፤ ከኦቲዝም ጋራ ከሚኖሩ አንባብያንም፥ ክሪስቶፈር እኛን አይመስልም ብለው የነቀፉት አሉ። እኔ የማውቀው ያንን አንድ ተማሪ ነው። ዛሬ ደወሉ ሊደወል ሲቃረብ አስቀድሜ ለክፍሉ እነግራለሁ።