ከመመዝገባችሁ በፊት ተቀመጡ

በየዓመቱ ክረምቱ እየወጣ ሲመጣ፣ ከእሑድ አምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «ኤም.ቢ.ኤ. ልጀምር አስቤያለሁ፤ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ይሉኛል። የሚጠይቁኝ በአብዛኛው በአቃቂና በቃሊቲ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና ባንኮች የሚሠሩ፣ ትዳር የያዙና ልጆች ያፈሩ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። አንዳንዱ በመሥሪያ ቤቱ ዕድገት ለማግኘት፣ ሌላው የራሱን ሥራ ለመጀመር በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ ይፈልጋል። ፍላጎቱ መልካም ነው። እኔም አንድ ጊዜ ብዙም ሳላስብ «ጀምሪ» ብዬ መክሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ያ ምክሬ ምን እንዳስከተለና ከዚያ ምን እንደ ተማርኩ ነው።

የተሳሳተው ምክሬ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ በአንድ ፋብሪካ በሒሳብ ክፍል የምትሠራ እህት ወደ ቤቴ መጣች። ታሪኩን የምጽፈው በእርሷና በባለቤቷ ፈቃድ ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። ቡና እየጠጣን ሳለ «ዕቁብ ወጣልኝ» አለችኝ። ገንዘቡን ለማታው ትምህርት የመጀመሪያ ክፍያ ልታውለው አስባለች። «ባለቤትሽስ ምን አለ?» ብዬ ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። «ገና አልነገርኩትም። ‹ልጆቹ ትንሽ ይደጉ› ይለኛል ብዬ ፈራሁ» አለች።

እኔም፣ «አንቺ መጀመሪያ ተመዝገቢ፤ የእርሱን ልብ ጌታ ያዘጋጀዋል» አልኳት። መንፈሳዊ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን፣ እርሷ ራሷ ልትወጣው የሚገባትን ኃላፊነት በእግዚአብሔር ላይ መጣሌ ነበር።

ባለቤቷ የከፈለችበትን ደረሰኝ በልጃቸው ደብተር ውስጥ አገኘው። አልተቆጣም፤ ዝም አለ። ትምህርቱም ተጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን ሜክሲኮ አካባቢ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ትማራለች። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ ይዛ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ደግሞ ሌላ ታክሲ ፈልጋ ቱሉ ዲምቱ ስትደርስ አራት ሰዓት ይሆናል። ባለቤቷ ደግሞ በፈረቃ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው፤ የሌሊት ተረኛ ሲሆን ከቤት የሚወጣው በሦስት ሰዓት ነው። በመካከሉ ያለችውን አንድ ሰዓት ልጆቹን የምታይላቸው ጎረቤታቸው ነበረች። አንድ ምሽት ጎረቤቲቱ ድንገት ለቅሶ ተጠርታ ሄደች። እናትየው ስትመለስ የሰባትና የአራት ዓመት ልጆቿን ደረጃው ላይ ተቃቅፈው ተኝተው አገኘቻቸው።

ምንም ክፉ ነገር አላገኛቸውም፤ ጌታ ይመስገን። እርሷ ግን በማግስቱ ትምህርቷን አቋረጠች፤ የከፈለችውም ገንዘብ ቀረ። በዚያው ሳምንት ባለቤቷ ወደ ቤታችን መጣና እንዲህ አለኝ፦ «እህታችን፣ ያሳዘነኝ ገንዘቡ አይደለም። ከሁላችሁ በኋላ መስማቴ ነው። ቢነገረኝ ኖሮ እኮ ፈረቃዬን እንዲቀይሩልኝ እጠይቅ ነበር።»

ምን ብዬ ልመልስለት? ይቅርታ ጠየቅሁት። ከባለቤቴም ጋር ሆነን ሁለቱን ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ጠራናቸው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ሲያስተምር፣ ከድንጋዩና ከጭቃው በፊት ያነሣው የሰውየውን መቀመጥና ወጪውን መቁጠር ነው (ሉቃስ 14፥28)። በዚያ ቅዳሜ የቆጠርናቸው ነገሮች ሦስት ነበሩ፦ ትምህርት ቤቱ፣ መኖሪያውና ገንዘቡ። ለእናንተም ይጠቅሟችኋልና አንድ በአንድ እንያቸው።

1. የትና መቼ ልትማሩ ነው?

በክፍለ ከተማችን የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው ስሙ እንደሚነግረን ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ነው። ስለዚህ ቢዝነስ ለመማር የሚፈልግ የአቃቂ ቃሊቲ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሐል ከተማ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሰንጋ ተራ አካባቢ ነው። ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ገርጂ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ሥልጠና የተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሲኤምሲ መንገድ ይገኛሉ። ሌሎችም ብዙ የግል ኮሌጆች አሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ። ፈቃድ የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየትምህርት ዓይነቱ ነው። አንድ ኮሌጅ በአንዱ ካምፓሱ ፈቃድ አለው ማለት በሌላውም አለው ማለት አይደለም። ያለ ፈቃድ የተማራችሁት ትምህርት በኋላ ዕውቅና ቢያጣ የሚከስረው የእናንተ ገንዘብና ዕድሜ ነው።

ከዚህ ሌላ አስቀድመው የሚጀመሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ፈተናው የቋንቋ፣ የሒሳብና የማመዛዘን ችሎታን ስለሚመዝን ከትምህርት ርቆ የቆየ ሰው ወራት ወስዶ ቢለማመድ ይበጀዋል። ሁለተኛው ሰነድ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁ የወጪ መጋራት ዕዳችሁን ያልጨረሳችሁ ከሆነ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ሊያዝባችሁ ይችላል። ዕዳችሁ ምን ያህል እንደ ቀረ ዛሬ ጠይቁ። የምዝገባው ሳምንት ላይ የሚሯሯጥ ሰው ብዙ ጊዜ ዓመቱ ያልፈዋል።

የትምህርቱ ሰዓት ደግሞ ከኮሌጁ ስም ባልተናነሰ ሁኔታ የቤታችሁን ሰላም ይወስናል። የማታው ለአንዱ ቤተሰብ ይስማማል፤ ለሌላው የቅዳሜና እሑዱ ይሻላል። እሑድን የሚነካ ከሆነ ደግሞ የአምልኮውና የአገልግሎቱ ነገር እንዴት እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ከመሪዎቻችሁም ጋር ተመካከሩ። የመዘምራን ልምምድ ለሁለት ዓመት ቢቀርባችሁ ወይም ቢቀንስ ነውር የለውም። ሳይናገሩ መጥፋት ግን ሰውን ያሳዝናል።

2. መኖሪያችሁስ?

ብዙዎች በመንገዱ ርቀት ተማርረው «ለሁለት ዓመት ወደ ከተማ ብንገባስ?» ይላሉ። እነዚህ ባልና ሚስትም አስበውት ነበር። የቱሉ ዲምቱውን ቤታቸውን አከራይተው በሳሪስ ወይም በጎተራ አካባቢ አነስ ያለ ቤት ሊከራዩ ፈለጉ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ዛሬ እንዲህ የሚያስብ ሰው ግን ሕጉን አይቶ ቆም ቢል ይበጀዋል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ጭማሪም የሚደረገው በየዓመቱ በሚወሰነው መጠን ብቻ ነው። ይህ ለተከራይ ትልቅ ዕረፍት ነው። ኤም.ቢ.ኤ. ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ስለሚወስድ የተማሪው ዘመንና የውሉ ዘመን ይገጥማሉ። ይሁን እንጂ ሕጉ አከራይንም ያስራል። የራሳችሁን ቤት አከራይታችሁ ብትወጡና ከስድስት ወር በኋላ ትምህርቱ ባይሆንላችሁ ተከራዩን «ውጣልኝ» ማለት አትችሉም። በሰው ቤት ተከራይታችሁ የራሳችሁን ቤት ከሩቅ ልታዩት ነው።

በዚያ ላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ዕድሩ፣ የጸሎት ቡድኑ፣ «ልጆቼን እይልኝ» የሚሏት ጎረቤት ሁሉ ያሉት በሰፈራቸው ነው። ስለዚህ ባሉበት ለመቆየት ተስማሙ። መንገዱንም በወረቀት ላይ አሰፈሩት። ከቃሊቲ በሳሪስና በስታዲየም በኩል ሜክሲኮ የሚደርሰው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለብዙ ሰው መፍትሔ ሆኗል። ነገር ግን ወረፋና መጨናነቅ ስላለ የታክሲውንም ዋጋ ጨምረው አሰሉ።

መኖሪያ ሲባል ደግሞ የማጥኛ ቦታም ይታሰብ። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ ልጆች እየተጫወቱ ማጥናት ከባድ ነው። እኛ የቤተ ክርስቲያኑን ቢሮ ቁልፍ በሳምንት ለሁለት ምሽት ሰጠናት። የእናንተም ቤተ ክርስቲያን ባዶ የሚያድር ክፍል ካላት ለተማሪዎቿ ብትፈቅድ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ በረከት ነው።

3. ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው የሚያሰላው የትምህርት ቤቱን ክፍያ ብቻ ነው። እስቲ እነዚህንም ጨምሩ፦ ትራንስፖርት፣ ከቤት ውጭ የሚበላ ምግብ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ኢንተርኔት፣ ላፕቶፕ፣ ልጆችን ለሚጠብቅ ሰው የሚከፈል፣ የሚቀረው የትርፍ ሰዓት ሥራ ገቢ፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፉ ወጪ። ብዙ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ጽሑፉ ላይ የሚቆመው ለእርሱ ያዘጋጀው ገንዘብም ጊዜም ስለሌለ ነው።

ከየት ይምጣ ለሚለው፣ መጀመሪያ አሠሪያችሁን ጠይቁ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ክፍያውን በሙሉ ወይም በከፊል ይሸፍናሉ፤ በምትኩ ከምረቃ በኋላ የተወሰኑ ዓመታት እንድታገለግሉ ያስፈርማሉ። የግዴታው ዘመን ስንት እንደሆነ፣ ቀድማችሁ ብትለቁ ምን ያህል እንደምትመልሱ፣ ብትወድቁስ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ እስክታዩ አትፈርሙ። ስትፈርሙም የትዳር ጓደኛችሁ አብሮ ያንብበው። የመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበርም ጥሩ አማራጭ ነው። ዕቁብም መልካም ነው፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ግን አይታወቅምና የክፍያ ቀን ባለው ነገር ላይ ብቻውን አይታመንም። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ቢረዱም «ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ይህን ያህል» ተብሎ ቢታወቅ ለሁሉም ይቀላል።

አንዱ ለሌላው ሳይነግር የተበደረው ገንዘብ ግን ወለዱ የሚከፈለው በትዳሩ ነው። ይህን ከላይ በነገርኳችሁ ቤት አይቼዋለሁ።

ወደ ውጭ አገር ለምታስቡ

ከመካከላችሁ ለስኮላርሺፕ የምታመለክቱ ትኖራላችሁ። ለምሳሌ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተማሪው ሲጨርስም ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። የተማሪውን ወጪ ይሸፍናል፤ ለባለቤትና ለልጆች ግን አይከፍልም። በራሱ ገንዘብ የሚሄድ ሰውም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እንግሊዝ አገር በክፍል ትምህርት የሚሰጥ ማስተርስ የሚጀምሩ ተማሪዎች፣ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ካልሆነ በቀር፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች ይዘው መግባት አይችሉም። የምንዛሪውም ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር የቆጠበ ሰው ዕቅዱን እንደ ገና ማስላት ግድ ሆኖበታል።

እንግዲህ ባልና ሚስት ሆይ፣ አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖር ቀላል ውሳኔ አይደለም። ቪዛው ከመጣ በኋላ ሳይሆን ማመልከቻው ከመሞላቱ በፊት ተነጋገሩበት።

ያ ወረቀት

እነዚያ ባልና ሚስት በዚያ ቅዳሜ አንድ ወረቀት ሞልተው ሁለቱም ፈረሙበት። እርሷ በሚቀጥለው ዓመት በቅዳሜና እሑዱ ፕሮግራም ገባች፤ ከአምልኮ እንዳትቀር የእሑዱ ክፍለ ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሆነውን መረጠች። እርሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳይገባ ፈረቃውን አስተካከለ። አሠሪዋ ግማሹን ክፍያ ሸፈነላት፤ ግማሹን ከሁለቱም ደመወዝ አወጡ። ሁሉም ነገር እንደ ታቀደው ሄደ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። አንድ ጊዜ ትንሹ ልጅ ታሞ ፈተና አመለጣት፤ አንድ ተርም ደግሞ ገንዘቡ አልሞላ ብሏቸው ትምህርቱን አቆይታዋለች። ሁለት ዓመት የታሰበው ሦስት ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ባለፈው ዓመት ግን ተመረቀች። በነዚያ ጊዜያት ሁሉ ግን ከሁለቱ አንዱ «አልሰማሁም ነበር» ሲል አልሰማሁም።

ያን ወረቀት እስከ ዛሬ በማቀዝቀዣቸው በር ላይ ለጥፈውታል። በቅርቡ ቤታቸው ስሄድ አየሁት፤ ዳር ዳሩ ዘይት ነክቶታል፤ ብዙ ስርዝ ድልዝም አለበት። እርሱ ሳነብ አየኝና «አሁን የእኔ ተራ ነው» ብሎ ሳቀ። ከሥሩ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ የእርሱ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕቅድ።

ከመመዝገባችሁ በፊት በሚከተሉት ላይ አብራችሁ ተወያዩ፦

• ይህን ዲግሪ የምንፈልገው ለምንድን ነው? ለሥራ፣ ለገቢ ወይስ ከሰው ላለማነስ?
• ተማሪው በማይኖርባቸው ሰዓታት ልጆቹ ከማን ጋር ናቸው? ያ ሰው ባይመቸውስ?
• ከክፍያው ሌላ ያሉትን ወጪዎች ጽፈናል? አንድ ተርም ቢያጥረን ምን እናደርጋለን?
• አንዳችን ለሌላችን ያልነገርነው ብድር ወይም ቁጠባ አለ?
• ለሁለት ዓመት የምንተወው ነገር ምንድን ነው? የማንተወውስ?

ጌታ ቤታችሁንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።