ያውቁ ኖሯል? ከአንድ ትሪ የሚበሉ ትውልዶች

ዴንቨርና አክሱም ከ1995 ጀምሮ እህት ከተሞች ናቸው። ፓርክ ሂል በተባለው የዴንቨር ሰፈር ውስጥም በአክሱም ስም የተሰየመ መናፈሻ አለ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደው የኮልፋክስን ጎዳና ይዘው ወደ ምሥራቅ ቢነዱ፣ እስከ ኦሮራ ድረስ እንጀራና በርበሬ አያጡም። በዚህ አካባቢ ባሉ ብዙ ቤቶች ሕፃን፣ ተማሪ፣ ነፍሰ ጡርና ከአገር ቤት የመጡ አያት በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የእያንዳንዳቸው ሰውነት የሚጠይቀው ግን የተለያየ ነው። የዛሬው ዓምድ ስለዚያ ነው።

ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ ስለ ልብ ሕመምና ስለ ምግብ በሰፊው እንድትነጋገር ካደረጓት አጋጣሚዎች አንዱ የተፈጠረው እዚሁ ነው። በመስከረም 1955 ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ለዕረፍት ዴንቨር መጥተው ጎልፍ ሲጫወቱ ዋሉ። ለምሳ ሀምበርገር በጥሬ ሽንኩርት በሉ፤ ሌሊት ላይ ደረታቸውን አመማቸው። ለጋዜጠኞች መጀመሪያ የተነገረው የሆድ መረበሽ ነው የሚል ነበር። በኋላ ድንገተኛ የልብ ሕመም መሆኑ ታወቀና ኦሮራ ወደሚገኘው ፊትዝሲመንስ ወታደራዊ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ሰባት ሳምንት ያህልም እዚያ ቆዩ። የልብ ሐኪሙ ፖል ዳድሊ ኋይት ሕመሙ ምን እንደሆነ ለሕዝቡ በግልጽ አስረዱ። ሆስፒታሉ የነበረበት ቦታ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንታከምበትና የምንሠራበት የአንሹትዝ የሕክምና ግቢ ነው። ፕሬዚዳንቱ ያኔ 64 ዓመታቸው ነበር፤ እስከ 1949 ድረስም በቀን አራት ፓኬት ያህል ሲጋራ ያጨሱ ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ጨጓራዬ ነው» ይባላል። ዕድሜው ከ50 ያለፈ፣ በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ደረቱን ሲጨንቀው፣ ሲያልበውና ትንፋሽ ሲያጥረው ተልባ እየበጠበጡ መጠበቅ አይገባም። 911 ይደወላል።

ያውቁ ኖሯል? እናት መጀመሪያ የምታጠባው ወፍራም ቢጫ ወተት፣ እንገሩ፣ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የሞሉበት ነው። በአማራ ገጠሮች ግን እንገሩን አልቦ መድፋትና ሕፃኑን ለጋ ቅቤ ማቅመስ የቆየ ልማድ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ የሚል ነው፤ ቅቤ የለም፣ ውኃም የለም። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላ በጭራሽ አይሰጥም፤ ሕፃናትን የሚያሽመደምድ ቦቱሊዝም የተባለ ሕመም የሚያመጣ ጀርም ሊኖርበት ይችላል። ለአራሷ የሚገነፋው ገንፎ ግን በቅቤው በበርበሬው ይቀጥል፤ እሷ ጉልበት ያስፈልጋታል።

ያውቁ ኖሯል? ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ እንዲያገኝ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ይመክራል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ትርቃለች፤ ዴንቨር ግን ወደ 40 ዲግሪ ገደማ። ዴንቨር በፀሐይዋ ብትወደስም፣ በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ስለምትሄድ ቆዳችን ቫይታሚኑን ለመሥራት ይቸገራል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ጊዜ ይፈልጋል። አገር ቤት ሕፃኑን ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት እናቶቻችን ልክ ነበሩ፤ እዚህ ግን ያ ብቻ አይበቃም። ከ1 እስከ 70 ዓመት ላለ ሰው የቀን መጠኑ 600 ዩኒት ሲሆን፣ ከ70 በላይ 800 ይሆናል።

ያውቁ ኖሯል? በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት ድርሻ ከሁሉም ክልሎች የበለጠው በአማራ ክልል ነበር፤ 46 በመቶ። ክልሉ ጤፍና ጥራጥሬ በሰፊው የሚመረትበት ነው። ሕፃኑ የሚቀነጭረው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሙክክ ያለ ገንፎ ብቻ እየበላ እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልትና ሥጋ ስለማያገኝም ጭምር ነው፤ ንጹሕ ውኃ ማጣትና ተደጋጋሚ ተቅማጥም ድርሻ አላቸው። በ2015 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማስቆም የገባው ቃል ስሙን ያገኘው ከዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ነው። ኦሮራም ብንኖር ነገሩ አይለወጥም፤ ስድስት ወር የሞላው ልጅ ከገንፎው ጋር የተፈጨ ምስር፣ እንቁላልና ሥጋ ያስፈልገዋል።

በጾም ጊዜስ? ሕፃን አይጾምም፤ ሆኖም ቤቱ ሁሉ ሲጾም ለአንድ ልጅ ብሎ እንቁላል የሚጠብስ ይጠፋል። እባካችሁ ለእሱ የሚሆን መጥበሻ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ያውቁ ኖሯል? በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ለውዝን በአንደኛ ዓመታቸው ውስጥ መቅመስ ሲጀምሩ የለውዝ አለርጂ በ81 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የሚሰጠው ግን የለውዝ ቅቤ በውኃ ወይም በጡት ወተት ቀጥኖ ነው፤ ከባድ ሽፍታ ያለበት ልጅ ቀድሞ ሐኪም ይየው። ሙሉ ለውዝ፣ ፈንዲሻና ቆሎ ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አደገኛ ናቸው። የቡናውን ሰዓት ያስቡት፦ ረከቦቱ መሬት ላይ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ትልልቆቹ በወሬ ተጠምደው፣ የቆሎው ሳህን ደግሞ ልክ በሁለት ዓመቱ ልጅ ደረት ቁመት። እፍኝ አድርጎ ወደ አፉ ለመውሰድ አፍታ ይበቃዋል፤ አንዷ ፍሬ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ከገባች ቡናው ሁሉ ይረሳል። ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ።

አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የላም ወተት ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ደም ማነስም ያመጣል። በቀን ከ24 አውንስ ባይበልጥ። ጁስ ከዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።

ያውቁ ኖሯል? የኮሎራዶ መራጮች በ2022 ባጸደቁት ሕግ መሠረት፣ ከ2023 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በፕሮግራሙ በታቀፉ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ለማንኛውም ተማሪ በነጻ ነው፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። በ2025 ደግሞ መራጩ ተጨማሪ ገንዘብ ፈቅዶለታል። ልጁ በጾም ቀን ሥጋ የሌለበት ምሳ ከፈለገ፣ ወይም የአሳማ ሥጋ የማይበላ ከሆነ፣ ለትምህርት ቤቱ መንገር ተገቢ ጥያቄ እንጂ ማስቸገር አይደለም።

አንድ ባለ 12 አውንስ ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ 10 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚፈቅደው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። በየልደቱና በየክርስትናው ለልጅ ለስላሳ መክፈት ፍቅር መግለጫ ሆኖብናል፤ ልንተወው የሚገባ ይመስለኛል።

ያውቁ ኖሯል? በቤቱ ውስጥ ብዙ ብረት ከሚያስፈልጋቸው አንዷ ኮረዳዋ ናት። ከ14 እስከ 18 ዓመት ላለች ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም፣ ለእኩያዋ ወንድ 11፣ ለአባቷ 8፣ ለነፍሰ ጡር እናቷ 27። «ጤፍ እየበላች እንዴት ብረት ያንሳታል?» የሚል አይጠፋም። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የሚመጣ ነው፤ በእህሉ ያለውን ደግሞ ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። እርሾ ይህን ማሰሪያ ያላላል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ በአንድ ቀን ከሚጋገረው ይሻላል።

ነገር ግን ዋናው ያለው ቡናው ላይ ነው። በ1983 የታተመ ጥናት ሰዎችን ሀምበርገር እያበላ ወደ ሰውነታቸው የሚገባውን ብረት ለክቶ ነበር። ከምግቡ ጋር ቡና ሲጠጣ የሚገባው ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ሲጠጣ በ64 በመቶ ቀነሰ። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ለውጥ አልታየም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ቀነሰ። የእኛ ቡና የሚፈላው ደግሞ ምሳ ተነሥቶ፣ እጅ ታጥቦ ነው። ደም ማነስ ለሌለበት ጎልማሳ ወንድ ይህ አያስጨንቅም። ለኮረዳዋና ለነፍሰ ጡሯ ግን ቡናው ከምሳ በፊት ቢፈላ፣ ወይም ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ሥርዓቱ ምንም አይጎድልበትም። ስንግ ቃሪያው በተቃራኒው ይረዳል፦ አንድ ትልቅ ጥሬ ቃሪያ ለአዋቂ የቀኑን ቫይታሚን ሲ ይሸፍናል፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ የምስሩንና የሽሮውን ብረት ወደ ደም ያስገባል።

ያውቁ ኖሯል? በ2002 ከዴንቨር በስተሰሜን ባለችው ግሪሊ ከተማ ከሚገኝ ፋብሪካ የወጣ ከ18 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተፈጨ የበሬ ሥጋ በኢ. ኮላይ ጀርም ምክንያት ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። ጀርሙ የሚኖረው በሥጋው ገጽ ላይ ነው፤ ሥጋው ሲከተፍ ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ክትፎ ለብለብ መደረጉም አይገድለውም፤ የሚፈለገው ሙቀት 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ የራሱን ውሳኔ ይወስን። ለነፍሰ ጡር፣ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅና ከ65 በላይ ለሆኑ ግን በደንብ የበሰለ ብቻ ይቅረብ፤ በልጆች ላይ ኩላሊት እስከማቆም ይደርሳል። ዱለትም ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ጥሬነቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ጉበቱ ለጽንሱ የሚበዛ ቫይታሚን ኤ አለበት።

ጨውስ? ኢትዮጵያ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በ2011 ደንግጋለች። አሜሪካ ውስጥ ግዴታ አይደለም፤ ያ የሚያምረው ሮዝ የሂማልያ ጨው አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን አልተጨመረበትም። ነፍሰ ጡር በቀን 220 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል፣ ለጽንሱ አእምሮ ጭምር። ጨው ሲገዙ ማሸጊያውን ያንብቡ።

ያውቁ ኖሯል? ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92፣ ዴንቨር ላይ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራዎ እዚህ ፈጠን ብሎ ይበስላል።

ያውቁ ኖሯል? በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን፣ ብዙዎቹ የጎንደር ሰዎች፣ ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። በ1988 የታተመ ጥናት ግን፣ ጥቂት ዓመታት እዚያ ከኖሩት ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች መካከል ከመቶ ዘጠኝ ያህሉ ስኳር እንዳለባቸው አሳየ። ዝርያቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምግቡ፣ ነጭ ዱቄቱ፣ ለስላሳውና የእግር መንገዱ መቅረቱ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ሲነዳ ውሎ ማታ በአራት ሰዓት ሁለት እንጀራ ለሚበላ ወንድሜ ይህን ከልቤ እነግረዋለሁ፦ ማታ አንዱን ቀንስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨምር፣ ተመርመር። አሜሪካ ውስጥ የስኳር ምርመራ ከ35 ዓመት ጀምሮ ይመከራል። ቀጭን መሆን ዋስትና አይሆንም።

አትክልት ጨምሩ ማለት ግን ቀላል ነው፤ ሰሜን ምሥራቅ ፓርክ ሂል ውስጥ ጥሩ አትክልት የሚሸጥ ሱቅ በማጣት ሕዝቡ ለዓመታት ሲቸገር ኖሯል። በ2016 የተከፈተው የዳሊያ የጤና ማዕከል በግቢው የአትክልት እርሻና ዓሣ የሚረባበት የመስታወት ቤት አለው።

ያውቁ ኖሯል? ቫይታሚን ቢ 12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጨጓራ እሱን ከምግቡ ለማውጣት ይደክማል። ለስኳር የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ ይቀንሰዋል። አሁን እናታችንን ይመልከቱ፦ 72 ዓመት፣ ሜትፎርሚን፣ ሁዳዴው ብቻ 55 ቀን፣ ሌሎቹ አጽዋማትና ረቡዕ ዓርብ ሲጨመሩ በዓመት 180 ቀን ያህል። እግራቸውን ሲያደነዝዛቸው፣ ሲረሱ፣ ሲደክማቸው «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንድ የደም ምርመራ ይለየዋል፤ ኪኒን ወይም መርፌ ያድነዋል፤ ቶሎ ካልተደረሰበት ግን የነርቩ ጉዳት ዘላቂ ሊሆን ይችላል።

ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ለሚወስዱ አባት ደግሞ ጉዳዩ ጎመኑ ነው። ጎመን ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው፤ እሱ ደግሞ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ችግሩ መብላታቸው ሳይሆን መለዋወጡ ነው፤ በፍስክ ትንሽ፣ በጾም በየቀኑ። ሁልጊዜ ተመሳሳይ መጠን ይብሉ፤ ጾሙ ሲገባም ሲፈታም ለሐኪሙ ይነገር። አብሽና ጥቁር አዝሙድ እንደ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይነገር።

ኢንሱሊን ወይም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ ኪኒን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ፣ በረመዳን ደግሞ እስከ ማግሪብ ሳይጠጣ ሲቆይ ስኳሩ ወርዶ ሊጥለው ይችላል። ለሐኪሙ ቀጠሮ የሚያዘው ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ነው፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሊቀየር ይችላልና። ለታመመ የቤተ ክርስቲያንም የእስልምናም ሥርዓት ፈቃድ አለው፤ የንስሐ አባትን ወይም ኢማሙን በስልክ ማናገር የልጆች ድርሻ ይሁን።